ከካቻቪቴው በፊት ጥያቄው

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት አሉ እንበል። ቨርጂኒያ የሚኖረው ልጃቸው ለራሱ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌውን ዴስክቶፕ አስጭኖ ላከላቸው። ካርቶኑ ተፈታ፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰካ፣ ማብሪያው ተጫነ። ጧ አለ! የተቃጠለ ነገር ሽታ ሳሎኑን ሞላው። በማግስቱ ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሰፈር ውስጥ ካለ ጥገና ቤት ደረሰ።

አንዱ ጠጋኝ ቢሆን ካቻቪቴውን አንስቶ ክዳኑን መፍታት ይጀምራል። ሌላው ግን መጀመሪያ ወንበር ይስባል። «እናቴ፣ ይቀመጡ እስቲ። ከየት ነው የመጣው ይሄ ኮምፒውተር?» ይላል። «ልጄ ነው ከአሜሪካ የላከልኝ» ሲሉት ኮምፒውተሩን አዙሮ ጀርባውን ያያል። ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ጥፍር የምታህል ቀይ ማንሸራተቻ አለች፤ ላይዋ 115 ይነበባል። የአሜሪካ ቤቶች መብራት 120 ቮልት አካባቢ ነው፤ የኢትዮጵያው 220። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት የመጣላቸውን ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ። ከቆዩት ብዙዎቹ ግን ሰው በእጁ እንዲመርጥላቸው ይፈልጉ ነበር። ማንሸራተቻዋ 115 ላይ እንደቆመች 220 ሲለቀቅባቸው ፊውዛቸው ይቃጠላል፣ ካፓሲተራቸው ይፈነዳል። ይህ ጠጋኝ አንዲት ብሎን ሳይፈታ የብልሽቱ ምክንያት ላይ ደረሰ።

ለኮምፒውተር ጥገና ሙያ ጀማሪዎች ከሚሰጡ የምስክር ወረቀቶች በዓለም ላይ ስሙ በብዛት የሚነሳው ኤ ፕላስ ነው። ብዙ ሰው የዕቃ ስም የሚያሸመድድ ፈተና አድርጎ ያስበዋል፤ የዕቃ ስምም በእርግጥ ይጠይቃል። ተፈታኙን የሚያስጨንቀው፣ ካለፈ በኋላም ሙያው ላይ የሚያቆየው ግን ያ ሁለተኛው ጠጋኝ ያደረገው ነገር ነው፦ ከመንካት በፊት መጠየቅ፣ ቀላሉን ቀድሞ መጠርጠር፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ የሠሩትን መጻፍ።

ፈተናውን ያዘጋጀው ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲመሠረት የኮምፒውተር ነጋዴዎች ማኅበር ነበር። እያደር ስሙንም ሥራውንም ለወጠና በ1993 ኤ ፕላስን አወጣ። ጊዜው የግል ኮምፒውተር በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ የወጣበት ነው። መሥሪያ ቤቶች ዕቃውን ገዙ፤ ሲበላሽ ግን ማንን አምነው እንደሚያስነኩት ግራ ገባቸው። ለዚህ ሥራ መሐንዲስ መቅጠር ውድ ነው። ሙከራ ላይ ያለ ሰው እጅ መጣል ደግሞ ያስፈራል። ኤ ፕላስ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የአንድ አምራች ዕቃ ላይ ብቻ አለመወሰኑም ጠቀመው፤ ባለወረቀቱ ዴልም ይምጣ ኤችፒ፣ ሌኖቮም ይሁን ስልክ፣ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል ተብሎ ይታመናል።

የመግቢያ መስፈርት የለውም። ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የሥልጠና ማስረጃ አይጠየቅም። ድርጅቱ የአንድ ዓመት ያህል የእጅ ልምድ ቢኖር ጥሩ ነው ብሎ ይመክራል እንጂ በሩን አይዘጋም። ፈተናው ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ኮር አንድ እና ኮር ሁለት ይባላሉ። ሁለቱም ካልታለፉ ምስክር ወረቀት የለም። እያንዳንዱ እስከ 90 ጥያቄ ይይዛል፤ የተሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ነጥቡ ከ100 እስከ 900 በሚሄድ መለኪያ ይሰጣል፤ ለኮር አንድ 675፣ ለኮር ሁለት 700 ማምጣት ያስፈልጋል። ይዘቱ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይታደሳል። አሁን በሥራ ላይ ያሉት 220-1201 እና 220-1202 የሚል ቁጥር ይዘው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጡት ናቸው። የቀደሙት 220-1101 እና 220-1102 በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተዘግተዋል። የአንዱን ዙር ኮር አንድ ከሌላው ዙር ኮር ሁለት ጋር ማዳበል ስለማይቻል፣ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት አለበት።

የኤ ፕላስ ስም በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በጣም የሚሰማው ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጡ ሰዎች ወሬ ብዙ ጊዜ ወደ «አይቲ» ያዘነብላል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አገር ቤት በሒሳብ አያያዝ ወይም በባዮሎጂ ተመርቆ የመጣ ሰው ዲግሪው አሜሪካ ውስጥ ቶሎ በር አይከፍትለትም። ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። ታክሲ ይነዳል፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ይሠራል፣ ሌሊት ሆቴል ይጠብቃል። ከዚህ ሕይወት ሳይወጣ፣ ከሥራ መልስ ባለችው ሰዓት አጥንቶ በጥቂት ወራት ሊጨርሰው የሚችለው ነገር ያስፈልገዋል። የአካባቢው ጠባይም ያግዛል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በኮምፒውተር ሥርዓቶቹ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የታወቀ የምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ 8570 የሚባል መመሪያ ከ20 ዓመት በፊት አውጥቶ ነበር፤ ኤ ፕላስ በዚያ መመሪያ ለመጀመሪያው የቴክኒክ እርከን ከተፈቀዱት አንዱ ሆነ። መመሪያው በኋላ በሌላ ቢተካም፣ ለመንግሥት የሚሠሩ ኩባንያዎች በሞሉበት አካባቢ ወረቀቱን መጠየቅ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ፈተናው እንግባ። ኮር አንድ የሚዳሰሰው ክፍል ነው፦ ላፕቶፕና ስልክ፣ ኔትወርክ፣ ሃርድዌር፣ ክላውድ፣ ብልሽት ፍለጋ። ከሁሉ ትልቁን ድርሻ፣ ማለትም 28 በመቶውን የያዘው የሃርድዌርና የኔትወርክ ብልሽት ፍለጋው ነው። ሃርድዌር 25፣ ኔትወርክ 23 በመቶ ይከተላሉ።

ብዙ ጀማሪ የሚሰለቸው የፕሪንተር ምዕራፍ ለብልሽት ፍለጋው ጥሩ ማሳያ ነው። ሌዘር ፕሪንተር አንድ ገጽ ለማውጣት በሰባት ደረጃ ያልፋል። ምስሉን ያዘጋጃል። ድራም የሚባለውን ጥቅል በኤሌክትሪክ ይሞላል። በሌዘር ጨረር ጽሑፉን ይስልበታል። ዱቄቱን፣ ቶነሩን፣ ያስይዘዋል። ወደ ወረቀቱ ያሻግረዋል። በሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል። በመጨረሻ ድራሙን ይጠርጋል። ይህን ቅደም ተከተል ለፈተና ብቻ የሸመደደ ሰው በሳምንቱ ይረሳዋል። የገባው ሰው ግን ወረቀቱን እንደ ሐኪም ያነበዋል። ፊደሉ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ቶነሩ አልቀለጠም፤ የሚጠረጠረው የማሞቂያው ክፍል ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጭን መስመር ከወረደ ድራሙ ተጭሯል ወይም ቆሽሿል። አንዲት ነጠብጣብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመች ከመጣች የሚዞር ጥቅል ላይ ጉዳት አለ፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ርቀት የትኛው ጥቅል እንደሆነ ይናገራል። የቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ይሁን የፎቶ ኮፒ ሱቅ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ደህናውን ካርትሬጅ አስጥሎ አዲስ አያስገዛም።

የኔትወርኩ ክፍልም እንዲሁ እጅና ጭንቅላት ያገናኛል። በአንድ የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉትን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በቲ568ቢ ደንብ የሚደረድሯቸው ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ እያሉ ነው። የአንድ ኮምፒውተር አድራሻ በ169.254 ጀምሮ ከተገኘ ደግሞ ማሽኑ አድራሻ የሚያድለውን ሰርቨር ወይም ራውተር ፈልጎ አጥቶ ለራሱ አንድ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው። ያችን ቁጥር ያየ ቴክኒሺያን ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን አይሮጥም፤ ገመዱንና ራውተሩን ለማየት ይሄዳል።

ጥያቄዎቹ ሁሉ ምርጫ አይደሉም። አንዳንዶቹ ስክሪኑ ላይ የሥራ ቦታን ይመስላሉ፤ ተፈታኙ በማውሱ ዕቃ እየጎተተ ማዘርቦርድ ላይ ያስቀምጣል፣ ወይም ራውተር ያስተካክላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጡት መጀመሪያ ላይ ስለሆነና ጊዜ ስለሚበሉ፣ ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ምልክት አድርጎ ማለፍንና ኋላ መመለስን ይመክራሉ።

የምርጫ ጥያቄዎቹ ጉድጓድ ሌላ ነው። አራቱም መልሶች ትክክል የሚመስሉበት ጊዜ አለ። ጥያቄው ውስጥ «መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ» ወይም «ከሁሉ ይልቅ» የሚል ቃል በትላልቅ ፊደላት ተጽፎ ይቀመጣል። በእጁ ሥራ የተካነ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚያደርገውን ያውቃልና ቶሎ ይመርጠዋል። የተጠየቀው ግን በቅድሚያ የሚደረገውን ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ኤ ፕላስ በስድስት እርምጃ ያስተምረዋል። ስሙን ከመደርደር ይልቅ አንድ የተለመደ ብልሽት ላይ ማየቱ ይሻላል። አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ «ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል፤ የምከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ አደገኛ ነው ይለኛል» ይላል። ቴክኒሺያኑ በመጀመሪያ ችግሩን ይለያል፤ ማለት ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ? ሌሎቹ ኮምፒውተሮችስ? ጸሐፊው፣ «ትናንት መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ነው፤ የሌሎቹ ደህና ነው» ይላል። ሁለተኛው እርምጃ መላምት ነው፤ ቀላሉንና ግልጹን ቀድሞ መጠርጠር። ሌሎቹ ከሠሩ ችግሩ ከኢንተርኔቱ አይደለም። ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት አለች፤ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የዲጂታል ሰነድ የመጀመሪያና የማብቂያ ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ራሱን ድሮ ላይ ካገኘ ሰነዱ ገና ያልጸና ይመስለውና አላምንም ይላል።

ሦስተኛው መሞከር ነው። ቀኑን ያስተካክላል፤ ድረ ገጹ ተከፈተ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቴክኒሺያኑ ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከሶኬት ይነቅለዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ያበራዋል፤ ቀኑ ተመልሶ ድሮ ሆኗል። እንግዲያው የሞተችው መብራት በሌለ ጊዜ ሰዓቱን የምታስቆጥረው፣ ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም የተኛችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። አራተኛው ማቀድና መፈጸም ነው፤ ለጸሐፊው ምን እንደሚያደርግ ነግሮ፣ የማሽኑን የቆየ ቅንብር መዝግቦ፣ ባትሪዋን ይቀይራል። አምስተኛው ማረጋገጥ ነው፤ ደግሞ ይነቅላል፣ ደግሞ ያበራል፣ ቀኑን ያያል፣ ድረ ገጹንም ፕሪንተሩንም ይሞክራል። የሌሎቹም ኮምፒውተሮች ዕድሜ አንድ ከሆነ ባትሪዎቻቸው በቅርቡ እንደሚደክሙ ይናገራል። በስድስተኛው ይጽፋል፤ ቀን፣ ማሽን፣ ምልክት፣ ምክንያት፣ የተደረገው ነገር። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ቢመጣ ከዜሮ አይጀምርም።

ከስድስቱ ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው ነው። ብዙ ጎበዝ ጠጋኝ እውቀቱን በራሱ ይዞ ይዞራል፤ የታመመ ቀን ሱቁ ይታመማል። በአንድ ተራ ደብተር ላይ የሚጻፍ አምስት መስመር ይህን ይፈታል። ኤ ፕላስ ለዚህ ጉዳይ ፈተናው ውስጥ ቦታ መስጠቱ ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ኮር ሁለት የሶፍትዌሩና የሥነ ምግባሩ ክፍል ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ደህንነት እኩል 28 በመቶ ይዘዋል። የተቀረውን የሶፍትዌር ብልሽትና የአሠራር ሥርዓት ይካፈሉታል። በቫይረስ የተበከለ ኮምፒውተር ሲመጣ እንዴት እንደሚያዝም በቅደም ተከተል ይጠየቃል። መጀመሪያ ምልክቱ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ ማሽኑ ከኔትወርክ ተነጥሎ ለብቻው ይቀመጣል። ቫይረሱ በተቀመጠ ቅጂ ውስጥ ተደብቆ እንዳይመለስ የዊንዶውስ ራስን የመመለሻ አሠራር ይዘጋል። ይጸዳል፣ ይዘመናል፣ መመለሻው እንደገና ይከፈታል። የመጨረሻው እርምጃ ባለቤቱን ማስተማር ነው። በፍላሽ ተይዞ የመጣ ቫይረስ በዚያው ፍላሽ ማግስቱን ሊመለስ እንደሚችል ለሰውየው ካልተነገረው ጽዳቱ የአንድ ቀን ነው።

በአሠራር ሥርዓት ሥር የሚነሱት ነገሮች ለጥገና ቤት ሕይወት ቅርብ ናቸው። ሰው በሰውነቱ ላይ የሚጠራቀመውን የቆመ ኤሌክትሪክ የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። አንድ ራም ወይም ፕሮሰሰር ግን ከ100 ቮልት ባነሰ ሊጎዳ ይችላል፤ ጠጋኙ ምንም ሳይሰማው ዕቃውን ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ ከመንካት በፊት የኮምፒውተሩን የብረት አካል መንካት፣ ቢገኝ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ማድረግ ይታዘዛል። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። የደንበኛ ፎቶና ደብዳቤ ለሥራው ካላስፈለገ አይከፈትም። ደንበኛው ሲናገር አይቋረጥም፤ የሙያ ቃል አይደረደርበትም፤ ስልክ እየተነጋገሩ አይስተናገድም። ይህ ሁሉ ነጥብ ያለው የፈተና ጥያቄ ነው። ሴት ልጅ ስልኳን ለጥገና ለመስጠት የምትሰጋበት ምክንያት ለሚገባው አንባቢ፣ የደንበኛን ገመና መጠበቅ በፈተና መጠየቁ ትርፍ ነገር አይመስለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፈተናውና የአዲስ አበባው ጥገና ቤት አይስማሙም። ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል የኤ ፕላስ መልስ አጭር ነው፦ አይከፈትም፣ ሙሉው ይቀየራል። ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ከዚህም ሌላ አሜሪካ ውስጥ የሰው ጉልበት ከዕቃው ይወደዳል፤ አንድ ሰዓት ከማስጠገን አዲስ መግዛት ይቀላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዕቃው በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ውድ ነገር ነው፣ ጉልበቱ ርካሽ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ጠጋኝ ቴስተሩን ይዞ እስከ አንዲት ካፓሲተር ድረስ ይወርዳል፣ አሮጌውን በመበየጃ አንስቶ ከሌላ ሰሌዳ ላይ የነቀለውን ይተካል። አሜሪካ ውስጥ ኤ ፕላስ ይዞ የሚሠራ ብዙ ሰው ይህን አያውቅበትም፤ ሥራውም አይጠይቀውም። በዚህ የእጅ ጥበብ ያደገ ሰው ፈተና ክፍል ሲገባ የሚያውቀውን ለጊዜው አስቀምጦ «ይቀየራል» የሚለውን መምረጥ አለበት። ጥበቡ ግን ፈተናው ስላልጠየቀው ዋጋው አይቀንስም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ የራሷ የምዘና መንገድ አላት። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ የሚባል ሙያ አለ፤ በደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ሠልጣኙ ሲጨርስ ሲኦሲ በመባል የሚታወቀውን የብቃት ምዘና ይወስዳል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በተግባሩ ክፍል መዛኝ ፊት ቆሞ ኮምፒውተር መገጣጠም፣ ገመድ ማሰር፣ ኔትወርክ መዘርጋት ይኖራል። ትምህርት ቤት ሳይገባ በሥራ የተማረ ሰውም እንዲመዘን የሥርዓቱ ሐሳብ ይፈቅዳል። ኤ ፕላስ ሁሉን በስክሪን ሲፈትን ሲኦሲ እጅን በዓይን ያያል፤ በዚህ በኩል ሲኦሲ ይበልጣል። ኤ ፕላስ ደግሞ ዱባይም ዋሽንግተንም ቢሄዱበት ማብራሪያ አይጠይቅም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ወጣት የትም ቢሄድ ቀና ብሎ ይቆማል።

ወጪው ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአንዱ ፈተና ዋጋ ከ250 ዶላር በላይ ነው፤ ለሁለቱ ከ500 በላይ ማለት ነው። ወድቆ የሚደግም ሰው እንደገና ይከፍላል። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ ገንዘብ ከብዛቱ በተጨማሪ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል መሆኑ ሌላ ግድግዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን ግድግዳ የሚያሳልፈው ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ነው።

ለማጥናት ግን ገንዘብ የግድ አይደለም። ፕሮፌሰር ሜሰር በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ጀምስ ሜሰር የሁለቱንም ፈተናዎች ሙሉ ትምህርት በአጫጭር ቪዲዮ ከፋፍሎ ዩቲዩብ ላይ በነጻ አስቀምጦታል። ማይክ ሜየርስ የጻፈው ዳጎስ ያለ መጽሐፍም ለዓመታት ብዙ ተፈታኝ አሳልፏል። ቪዲዮ ብቻ ግን እጅ አያሠለጥንም። ከማንኛውም ኮርስ ይልቅ የሚጠቅመው አንድ የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ራሙን አውጥቶ ማብራት፣ የሚያሰማውን ጩኸት መስማት፣ መልሶ ማስገባት፤ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ስክሪኑ የሚለውን ማንበብ፤ ዊንዶውስ ጭኖ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና መጫን። በእጁ አንድ ጊዜ ያበላሸውን ነገር ሰው አይረሳውም።

አቋራጭ የሚሸጡም አሉ። የተሰረቁ የፈተና ጥያቄዎችን ሸምድደህ ግባ የሚል ሰው ዲሲም አዲስ አበባም አይጠፋም። ኮምፕቲያ ይህን ያደረገ ሰው ውጤቱን ሊሰርዝበትና ዳግም እንዳይፈተን ሊያግደው ይችላል። ካልተያዘም ቅጣቱ አይቀርለትም፤ ሥራ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የደነገጠች ሠራተኛ «ፋይሌ ጠፋ» ብላ ስትደውልለት የሸመደደው ጥያቄ መልስ አይሆነውም።

ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። አማርኛ ተናጋሪው የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎች እንደሚሉት የሚከብደው የሙያው ቃል ሳይሆን የጥያቄው አጠያየቅ ነው። ራም፣ ራውተር፣ ባክአፕ አማርኛ ውስጥ ገብተው የለመዱ ቃላት ናቸው። የሁለት አንቀጽ ታሪክ አንብቦ በውስጡ የተደበቀውን አንድ ፍንጭ ማውጣት ግን ልምምድ ይፈልጋል። ስለዚህ በአማርኛ ተወያይቶ መረዳት፣ በእንግሊዝኛ ጥያቄ እየሠሩ መለማመድ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ያዋጣል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ የእኛን ሰው በተለይ ትነካለች፤ ስም። ፈተናው ፒርሰን ቪዩ በተባለው ድርጅት አማካይነት በፈተና ጣቢያ ወይም ከቤት በካሜራ እየታዩ ይሰጣል። ለመመዝገብ የሞሉት ስም ከመታወቂያው ጋር መመሳሰል አለበት። የኢትዮጵያዊ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። ኃይሉ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ወራት ያጠና ሰው በር ላይ እንዳይመለስ፣ ከመመዝገቡ በፊት ፓስፖርቱን ከፊቱ አስቀምጦ ፊደል በፊደል መሙላት ይኖርበታል። ከቤት የሚፈተን ደግሞ ጠረጴዛው ባዶ፣ በሩ ዝግ፣ ክፍሉ ከእሱ በቀር ሰው የሌለበት እንዲሆን ይገደዳል። አንድ ክፍል ከልጆች ጋር የሚጋሩ ወላጆች ወደ ጣቢያው ሄደው ቢፈተኑ ይሻላቸዋል።

ካለፉ በኋላ የሚገኘው የመጀመሪያ ሥራ ብዙውን ጊዜ «ሄልፕ ዴስክ» የሚባለው ነው። ስልክ ይነሳል፣ ችግሩ ቲኬት ተብሎ ይመዘገባል፣ ይፈታል፣ ይዘጋል። የይለፍ ቃል የረሳ፣ ፕሪንተር እምቢ ያለው፣ ኢሜይሉ ያልገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ይደውላል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚያሳየው ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ድጋፍ የሚሰጡ ሠራተኞች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2024 60 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ጀማሪ ከዚህ ዝቅ ብሎ እንደሚጀምር ማወቅ አለበት፤ ወረቀቱ ለቃለ መጠይቅ ያስጠራል እንጂ ቅጥርን አያረጋግጥም። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው ኔትወርክ ፕላስና ሴኩሪቲ ፕላስ ወደሚባሉት ቀጣይ ፈተናዎች ይሄዳሉ።

የምስክር ወረቀቱም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 መጨረሻ ያገኙት ሰዎች ለዕድሜ ልካቸው ይዘውታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የተገኘው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ለማደስ 20 የቀጣይ ትምህርት ነጥብ ማሟላት ወይም ከፍ ያለ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ደንቡ ያስመረራቸው አሉ፤ ሆኖም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 የፍሎፒ ዲስክ ጉዳይ ያስጠይቅ የነበረ ፈተና ዛሬ ስለ ክላውድና ስለ ስልክ ደህንነት ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10 በነጻ ይታደስ የነበረው እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ነበር። ያችን ቀን ያላወቀ ቴክኒሺያን ደንበኛውን ያለ መከላከያ ይተዋል።

በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣው ኮምፒውተር ጥገናው ከሰዓት በኋላ አለቀ። ጠጋኙ ፓወር ሰፕላዩን ቀየረ፣ ማዘርቦርዱና ዲስኩ መትረፋቸውን አረጋገጠ፣ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራው፣ የልጃቸው ፎቶዎች ያሉበት ፎልደር መኖሩን በእሳቸው ፊት አሳየ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ማንሸራተቻ የለውም፤ የመጣለትን ቮልት ራሱ ይለያል።

«ልጄ ሌላም ሊልክልኝ ነው፤ ለእህቱ ልጅ» አሉ እናትየዋ።

«እንግዲያው ሳይሰኩት መጀመሪያ ይደውሉልኝ፣ እናቴ» አለና ስልክ ቁጥሩን በካርድ ጽፎ ሰጣቸው። እሳቸው ሲወጡ ደብተሩን ገለጠ። ቀኑን ጻፈ። ከሥሩም፦ ዴስክቶፕ፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ ማንሸራተቻ 115 ላይ፣ ፓወር ሰፕላይ ተቀየረ፣ ሁለተኛ ይመጣል።